የሚተረተር፣ የሚጠገን፣ የሚፈታ

ጅማ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት በረንዳ ላይ ፋንቱን የማያውቅ ጥቂት ነው። ጠዋት ቦሳ ኪቶ ካለው የኪራይ ቤቷ ትወጣለች፤ በመንገዷ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ ከዚያ የስፌት መኪናዋን ሽፋን ገልጣ፣ አማትባ ትቀመጣለች። አዲስ ልብስ መስፋቱን ለሌሎቹ ትታዋለች። የእሷ ሥራ ያረጀውን ማዳን ነው። ሰው የተቀደደውን፣ የጠበበውን፣ የነተበውን ይዞ ይመጣል። እሷም ልብሱን ብርሃን ላይ ዘርግታ ታገላብጠውና ቃሏን ትሰጣለች። ስፌቱ ተጣሞ ለመጣው «ይሄ ይተረተራል» ትላለች። ክርኑ ለተበሳው «ይጣፋል» ትላለች። ልጁ አድጎ እግሩ ላጠረበት ሱሪ «ይለቀቃል»፣ ኮሌታው ላለቀ ሸሚዝ «ይገለበጣል»። ጨርሶ ለሞተ ልብስ እንኳ «አይሆንም» ብላ አታውቅም፤ «ከእሱ ሌላ ይወጣል» ብላ ትቀበለዋለች። የአባት ካፖርት የልጅ ጃኬት ሆኖ ከእጇ የወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከጎኗ የሚሰፋው ሸኩር ዘወትር ይቀልድባታል። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት፣ «ይቺ ሴትዮ ሐኪም ሆና ቢሆን ኖሮ፣ ወላሂ ጅማ ላይ ቀብር የሚባል ነገር ይቀር ነበር» አለ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ፋንቱም አብራ ሳቀች። ነገር ግን መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቅቷት ክሩን ደጋግማ በምራቋ አረጠበች። ቀብር የሚለውን ቃል ስትሰማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሆነው። በዚህ ዓለም ላይ የማትቆምበት አንድ ቀብር አለ፤ እሱም የገዛ እናቷ ቀብር ነው።

ነገሩ የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለው የአባቷ የቡና ማሳ ላይ ነው። አባቷ በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን ተከትለው ከሰላሌ የመጡ ሰው ነበሩ። ቡናውን በእጃቸው ተክለው፣ ዋንዛና ሰሳ ጥላ አድርገውለት፣ ልጆቻቸውን በእሱ አስተማሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ማሳው ለእናቷ ለእማማ ተናኘ ቀረ። ቡናው ግን እንደ ባለቤቶቹ አርጅቶ ነበር። ግንዱ ሽበት አወጣ፤ ቅርንጫፉ እጅ ወደማይደርስበት ሸሸ፤ ፍሬው እየሳሳ ሄዶ ለቃሚ መጥራት የማያስፈልግበት ዓመት መጣ።

በዚያን ሰሞን የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ገበሬውን ሰብስቦ ስለ ጉንደላ አስተማረ። ያረጀ ቡና ከጉልበት በታች ሲቆረጥ ሥሩ ገና ብርቱ ስለሆነ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያው ሁለት ሦስት ጠንካራውን መርጦ ማሳደግ ነው፤ ጥቂት ዓመት የታገሠ ሰው ወጣት ቡና ይለቅማል። ፋንቱ እናቷን ለመጠየቅ በሄደችበት ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። የገዛ ሙያዋን በሌላ ሰው አፍ የሰማች መሰላት። እናቷን ጠየቀች። እማማ ተናኘ «እኔ ስሞት ጎንድሉት» አሉ። በሌላ ቀን በሌላ በኩል አዙራ ጠየቀች፤ መልሱ ያው ሆነ።

በዚያው ጥር እማማ ተናኘ ለጉልበታቸው ሕመም ጸበል ሊጠመቁ ሄዱ። ፋንቱ ሠራተኞች ይዛ ማሳው ውስጥ ገባች።

ክፋት አልነበረባትም። እማዬ ስትመለስ አንድ ሳምንት ታኮርፋለች፤ ቡናው ሲያፈራ ደግሞ ትመርቀኛለች ብላ ነበር ያሰበችው። ሰዎቹ ባለሙያው እንዳሳያቸው ግንዱን ዘቅዘቅ አድርገው በመጋዝ ቆረጡ፤ የዝናብ ውሃ ቁራጩ ላይ እንዳይተኛ ነው እንዲያ የሚደረገው። ቀትር ላይ ሥራው አለቀ። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከመስመሩ ተነጥላ ለብቻዋ የቆመች አንዲት የቡና ዛፍ ብቻ ቀረች። ሰዎቹ ምሳ ሊበሉ ሄደዋል። ፋንቱ ይቺን ለምን አስቀራለሁ ብላ፣ መጋዙን አንስታ በገዛ እጇ ቆረጠቻት። አቆራረጡን አላወቀችበትም፤ ግንዱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ቀረ። እሷ ግን ላቧን ጠርጋ፣ ሥራዋን አይታ ተደሰተች።

እማማ ተናኘ ከጸበል በተመለሱበት ቀን ጎረቤት እንኳን ደህና መጣሽ ሊላቸው ተሰብስቦ ነበር። የፋንቱ ታላቅ ወንድም ሣህሉም ከጅማ መጥቷል። አሮጊቷ በሩን አልፈው፣ ከዳር እስከ ዳር የቆመውን ጉቶ ሁሉ እያዩ፣ ቀጥ ብለው ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። እዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ፋንቱ የመንገዱ ድካም ጉልበታቸውን የከዳቸው መስሏት ልትደግፋቸው ሮጠች። እጇን አራገፉትና ብቻቸውን ተነሡ። ጫማቸውን አወለቁ። ፊታቸውን ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አዞሩ።

«ስሞት በሬሳዬ እንዳትቆሚ» አሉ። «ገዝቼሻለሁ። ቅዱስ ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እንዲህ ያለ ግዝት በዚያ አገር ቀልድ አይደለም፤ የተናገረው አፍ ራሱ ካልፈታው ሟቹ ከተቀበረ በኋላም የተገዘተው ሰው እንደታሰረ ይኖራል ብሎ ሰው ይፈራል።

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም ለማለትም አይቻልም። ፋንቱ በየበዓሉ ትሄዳለች። እማማ ተናኘም አያባርሯትም። የሚናገሩት ግን በሌላ ሰው በኩል ነው። ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ሳለ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ሻይው ሳይቀዘቅዝ ጠጪ በያት» ይላሉ። ጎረቤታቸው አዴ ሳቢሃ ደግሞ እንደ አስተርጓሚ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «ሻይው ሳይቀዘቅዝ ጠጪ ተብለሻል» ይሏታል። አዴ ሳቢሃ የእናቷ እኩያ ናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ሙሽሮች ሆነው ወደዚያ መንደር ከገቡ ጀምሮ በአንድ አጥር የተለያዩ፣ በአንድ እሳት የኖሩ ነበሩ።

ፋንቱ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከች። ሁለቱንም ጊዜ እማማ ተናኘ ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥተው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቻቸው ጠይቀው፣ በቃላቸው እንደጸኑ ሸኟቸው። ፋንቱ ግን ተስፋዋን ቡናው ላይ ጥላ ነበር። ቡናውም አላሳፈራትም። ጉቶው ሁሉ አቆጠቆጠ፤ ቡቃያው ተመረጠ፤ በዓመቱ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አበራ። መጀመሪያ ያፈራ ጊዜ ቀይ እሸቱን በቅርጫት ሞልታ እናቷ እግር ሥር አስቀመጠች። እማማ ተናኘ ቅርጫቱን አዩት፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችው አንዷ ግን አልበቀለችም። ለጥ ባለው ቁራጭ ላይ ውሃ ተኝቶ አበሰበሳት። ሠራተኞች ሊነቅሏት ሲሉ እማማ ተናኘ ከለከሉ፤ በዙሪያዋም ድንጋይ ደረደሩ። ሲመሽ ሲመሽ እዚያ ይቀመጡ ነበር። ነፋሻ ቦታ ስለሆነ ነው እየተባለ ታለፈ።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ ጥቅምት ገብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ እማማ ተናኘን ስትሮክ መታቸው። ወድቀው ያገኟቸው አዴ ሳቢሃ ናቸው። ጅማ ሆስፒታል ገብተው ሰነበቱ። ሐኪሞቹ የሚቻለውን አድርገው፣ ከእንግዲህ በቤት መንከባከብ ነው ብለው መለሷቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። አንደበታቸውም ተያዘ። አፋቸውን ከፍተው የሚወጣው ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ራሳቸው ሲሰሙት ስለሚያፍሩ ዝም ማለትን መረጡ።

ፋንቱ የደንበኞቿን ልብስ ለሸኩር አስረክባ፣ መኪናዋን ሸፍና ወደ እናቷ ቤት ገባች። ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ቅባት ትቀባቸዋለች። እማማ ተናኘ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእሷን ማንኪያ በሚታዘዘው በግራ እጃቸው ይገፉ ነበር። አዴ ሳቢሃ ማንኪያውን ተቀብለው፣ «ያ ተናኘ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ያልተናገርሽው ነገር አልነበረም፤ አሁን ረቢ አላህ ለእኛ ጆሮ አዝኖ ነው እረፍት የሰጠን» ሲሏቸው ግማሽ ፊታቸው ፈገግ ይላል። ከዚያ ይውጣሉ። በኋላ ከፋንቱም እጅ መብላት ጀመሩ። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

ሌሎቹ የሚፈሩት ሞትን ነበር። ፋንቱ የምትፈራው ከሞቱ በኋላ ያለውን ጥቂት ሰዓት ነው። ሬሳው ወጥቶ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን ሲያደርሱ፣ ዘመድ ሁሉ ሲቆም፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ሆና ድምፁን ብቻ ስትሰማ ይታያታል። የሙታን ማሰሪያ የሚፈታበት ጸሎት ላይ እሷ እንደታሰረች መቅረቷ ነው።

ሣህሉ በየቅዳሜው ይመጣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያረጀ፣ የእድሩም ጸሐፊ የሆነ፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። እህቱን ይወዳታል፤ የእናታቸውን አልጋ ስታነጥፍ እያየ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ነገሩን ስታነሳበት ግን አንገቱን ደፋ።

«እህቴ ነሽ» አላት። «ግን የእናቴን ቃል ረግጬ በሬሳዋ አጠገብ ባቆምሽ፣ ሚካኤል የሚጠይቀው አንቺን አይደለም፤ እኔን ነው።»

«ታዲያ አፏ ተይዞ እንዴት አድርጋ ትፍታኝ፣ ጋሼ?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

የእማማ ተናኘን አሮጌ የነፍስ አባት ሞት ከወሰዳቸው ወዲህ የንስሐ ልጆቻቸውን የተረከቡት ቀሲስ ኤልያብ የሚባሉ ወጣት ካህን ናቸው። ፋንቱ አስጠራቻቸው። ቀሲስ ኤልያብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ትሕትና ያለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እግዚአብሔር በቁጣ በወጣ ቃል እንደማይታሰር አስረዱ፤ ከሥልጣነ ክህነታቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ፋንቱ መስቀሉን ተሳለመች። አመሰገነችም። ነገር ግን በልቧ አልተፈታችም። ከላይ በመጣ ይቅርታ የእናቷን ቃል አልፋ መሄድ አልፈለገችም፤ የፈለገችው እናቷ ራሳቸው እንዲፈቷት ነበር። ቀሲስ ኤልያብ ይህን ከፊቷ አነበቡ መሰል፣ ወደ አልጋው ዞረው፣ «እማማ፣ ልጅዎን ከግዝቱ ይፈቷታል? እንደዚያ ከሆነ እጄን ጨበጥ ያድርጉልኝ» አሉ። የእማማ ተናኘ ግራ እጅ በካህኑ መዳፍ ውስጥ እንደሞተ ወፍ ተኛ። ሰምተዋል። ዓይናቸው ይህንን ይናገር ነበር።

ካህኑ ሊሄዱ ሲሉ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። በዚያ ቤት የነበረ ሁሉ ያን ጊዜ የሆነውን አይረሳውም። እማማ ተናኘ አብረዋቸው ማለት ጀመሩ። «ውሃ» ማለት ያቃተው አፍ፣ የልጃቸውን ስም መጥራት የተሳነው አፍ፣ ጸሎቱን ቃል በቃል፣ ጥርት አድርጎ አወጣው። ሐኪሞች በኋላ ሲጠየቁ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ፣ ከልጅነት ጀምሮ የተባለ ቃል በሌላ ጓዳ እንደሚቀመጥ ተናገሩ። ፋንቱ ግን ግንባሯን መሬት አስነክታ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ገና ቀና ሳትል ድምፁ ተቋረጠ። ካህኑ ብቻቸውን ቀጠሉ። ጸሎቱ ስለ በደልና ስለ ይቅርታ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እናቷ አፋቸውን ገጠሙ።

ድካም ነው ተባለ። ፋንቱ ግን በማግሥቱ ሞከረች። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ጸሎቱን ጀመረችው፤ እናቷ ተቀበሏት፤ ያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ቅዳሜ ሣህሉ ይህን ሲያይ ወደ በረንዳው ይዟት ወጣ። «አየሽ» አላት፣ «አልረሳችውም። እያወቀች ነው የዘለለችው።» ለመጉዳት አይደለም የተናገረው። ፋንቱ ግን በዚያች ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም።

ቡናው ቀልቶ ለቀማው ደርሶ ነበር። አዴ ሳቢሃ ቅርጫታቸውን በወገባቸው አስረው መስመር ውስጥ ገብተዋል። ፋንቱም ከጎናቸው ገባች። ቅርንጫፉ ከፍሬው ክብደት የተነሳ መሬት ሊነካ ደርሷል። ጥቂት ለቀሙ። ከዚያ ፋንቱ ልቧ ሞልቶ ፈሰሰ።

«እስቲ ይዩት አዴ» አለች። «ከአባቴ ጊዜ ይልቅ አይበልጥም? አንዱስ ጎድሎባታል? እኔ ምን አጠፋሁ? ሁሉም ተመልሶ እሷ ብቻ አልመለስ አለች።»

የአዴ ሳቢሃ እጅ ፍሬው ላይ ቆመ። «ሁሉም አልተመለሰም» አሉ።

«ማድ ቤት ጀርባ ያለችዋን ነው የሚሉኝ? ለአንዲት ዛፍ?»

አሮጊቷ ቅርጫታቸውን ፈተው መሬት ላይ አስቀመጡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ወደ ቤቱ አቅጣጫ ተመለከቱ።

«እኔ ለእናትሽ ምያለሁ» አሉ። «በአላህ ስም። አንቺ ሳትወለጂ። እኛ ዘንድ ሰው ምሎ ከመሐላው የሚበልጥ መልካም ነገር ካየ፣ መሐላውን ያፈርስና ድሀ ያበላል። ነገ ድሀ አበላለሁ። አሁን ስሚኝ።»

ከሣህሉ ቀጥሎ፣ ከፋንቱ በፊት፣ አንዲት ሴት ልጅ ተወልዳ ነበር። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሳ፣ በአንድ ሌሊት ትኩሳት ሄደች። ያልተጠመቀ ልጅ በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም ነበር፤ ፍትሐትም የለው፣ ለቅሶም የለው። የአዴ ሳቢሃ ባል ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆፈረ። እናት በነጠላዋ ገንዛ ሰጠች። አባቷ ማንም ሳያውቅ ዶማ እንዳያሳርፍበት ብለው በላዩ የቡና ችግኝ ተከሉ። እማማ ተናኘ ስለዚያች ልጅ ከእንግዲህ እንዳይነገር ጎረቤቶቻቸውን አስማሏቸው። ሣህሉ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር አያውቅም። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ያችን ዛፍ የሚለቅሟት ብቻቸውን ነበር። ከእሳቸው በኋላ እማማ ተናኘ ብቻቸውን።

«ስም አልወጣላትም» አሉ አዴ ሳቢሃ። «ያቺ ዛፍ ነበረች ስሟ።»

ፋንቱ የቆመችበት ቁጭ አለች። እናቷ ከጸበል የተመለሱበት ቀን እንደ አዲስ በዓይኗ ላይ መጣ። ያን ሁሉ ጉቶ አልፈው ወዴት እንደሄዱ። አፈሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጡ። ጫማቸውን ለምን እንዳወለቁ። መጋዙን የያዘችው ደግሞ ሠራተኛ አልነበረም፤ ምሳ እስኪበሉ እንኳ መታገሥ ያቃታት እሷ ራሷ ነበረች።

ሌላም ነገር ታያት፤ ይኸኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አሳፈራት። አምስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ልካለች፣ ቅርጫት ሞልታ አምጥታለች፣ በየበዓሉ ደጅ ጠንታለች። አንድም ቀን ግን «አጠፋሁ» አላለችም። ቡናው ስላፈራ ልክ እንደሆነች ታምን ነበር። ይቅርታ የጠየቀችው እንደ ባለዕዳ ሳይሆን እንደ ከሳሽ ነበር። እናቷ ደግሞ ምን ብለው ያስረዱ? ለአርባ ምናምን ዓመት ያልተነፈሱትን በጎረቤት ፊት ያውጡት? የተረፋቸው ቃል ያው ግዝቱ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ለምታውቃቸው ቃላት ሁሉ ቦታ አጣች። ይተረተራል፣ ይጣፋል፣ ይገለበጣል፤ አንዱም ለዚያች ጉቶ አይሆንም። «ኒ ለታ» ይሉ ነበር አዴ ሳቢሃ ጉቶዎቹ ሊያቆጠቁጡ ሲሉ፤ ትበቅላለች ማለታቸው ነው። ለዚያችኛዋ ግን እንዲህ ብለው አያውቁም ነበር፤ አሁን ነው ያስተዋለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሴቶች ሊጠይቁ መጥተው ቤቱ ሞልቷል። ሣህሉ ከእግራቸው በኩል ተቀምጧል። አዴ ሳቢሃ የአጥሚቱን ሳህን ይዘው ቆመዋል። ፋንቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የለበሰችውን ነጭ ነጠላ ሳታወልቅ ገባች፤ የነጠላው ጥለት እንደ ወትሮው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ማንንም አላየችም። አልጋው ሥር ተንበረከከችና አፏን ከእናቷ ጆሮ አስጠጋች። ሣህሉ ከወንበሩ ዘንበል ብሎ ለመስማት ሞከረ። አልሰማም። ምስጢሩ የእናቷ ስለሆነ ለእሱም ቢሆን የምትሰጠው እሷ አልነበረችም።

«እማዬ» አለች በሹክሹክታ። «ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን አወቅሁ። በገዛ እጄ ነው የቆረጥኳት። እሷ አልበቀለችም። የምመልስልሽ ነገር የለኝም። አጥፍቻለሁ።»

ግንባሯን ፍራሹ ላይ አሳረፈች። ከላይ የእናቷ ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ሲቆራረጥ ሰማች። አንዷ ሴት «ምን አለቻት?» አለች፤ ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት። እማማ ተናኘ አዴ ሳቢሃን ፈልገው ዓይናቸውን አዞሩ። አዴ ሳቢሃ ሳህኑን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ፤ አዎ፣ እኔ ነኝ የነገርኳት ማለታቸው ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች ሌላው ሰው የማይገባውን ያህል ተያዩ። ከዚያ ከእማማ ተናኘ የሚታዘዘው ዓይን እንባ ወረደና ወደ ጆሯቸው ገባ።

ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣ። አየሩ ላይ ጥቂት ተንከራተተ። ፋንቱ ራስ ላይ የሚያርፍ መስሏት ጠበቀች። እጁ ግን ራሷን አልፎ፣ ትከሻዋን አልፎ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለውን የነጠላዋን ጥለት ያዘ። ጎተተ። ጣቶቻቸው ደክመው ለቀቁት። እንደገና ያዙት። ቀስ በቀስ ጥለቱን ከደረቷ ወደ ላይ ሳቡት፤ አንገቷ ዘንድ አድርሰው ከአገጯ ሥር አዞሩት። ሴት ልጅ ነጠላዋን እንዲያ ዘቅዝቃ የምትለብሰው ሐዘን ላይ ስትቆም ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ።

«በስመ አብ» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ ከወንበሯ እየተነሳች። «ሰው በሕይወት እያለ፣ ሟርት ነው። አስተካክዪላት።»

እጇን ወደ ነጠላው ዘረጋች። ፋንቱ አንገቷን ሳታቃና፣ «አይነካ» አለች።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወደ ሣህሉ ተመለከተች፤ ደንብ የሚያውቀው እሱ ነውና። ሣህሉ ቆሟል። የእናቱን እጅ ያያል፤ እጁ ጥለቱን አልለቀቀም፤ ዓይናቸውም በቀጥታ እሱን ነው የሚመለከተው። ከዚያ ባርኔጣውን ከመስኮቱ ላይ አነሳ።

«ማንም እንዳይነካው» አለ። «የእድሩን ዳኛ ጠርቼ እስክመጣ ድረስ። ቀሲስንም። ያን ቀን የነበሩ ሁሉ መጥተው ይዩ። በአፏ አልቻለችም፤ በእጇ ፈታች። ምስክር ያስፈልጋል።»

በሩ ላይ ደረሰና ተመለሰ። እህቱ አጠገብ ሊያጎነብስ ፈለገ፤ አላወቀበትምና ትከሻዋን በመዳፉ ነካ ብቻ አድርጎ ወጣ። ጭቃው ላይ ሲሮጥ ጫማው ሲንቦጫረቅ ሁሉም ሰማ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በቀስታ መራመድ የሚወድ ሰው ነበር።

አዴ ሳቢሃ የአጥሚቱን ሳህን ለፋንቱ አቀበሏት። «ይቀዘቅዛል» አሉ። በዚህች ቀን አስተርጓሚ አልሆኑም፤ ወደ ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

የእናቷ ፊት አላበራም፤ ቃልም አልወጣቸውም፤ ማድ ቤቱ ጀርባ ያለውም እንደነበረ ነው። ፋንቱ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። በሕይወት ያሉ እናቷ በገዛ እጃቸው ያለበሷትን ሐዘን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ አጥሚቱን በማንኪያ ቀድታ እፍ አለችበት። እማማ ተናኘ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸውንም አልጨፈኑም።